ሜዳ ፍለጋ በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴ ላይ ውዱ ነገር ሜዳ ነው። ይህን ለማወቅ የመሬት መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ከፒያሳ ተነስቶ በፈለጉት አቅጣጫ ሩብ ሰዓት መራመድ ይበቃል። ጦሳ ተራራ በምዕራብ፣ አዝዋ ገደል በምሥራቅ ቆመው ከተማዋን መሃል አስገብተዋታል። እሷም ምርጫ ስላልነበራት የቦርከናን ወንዝ ተከትላ ረዝማለች፤ ስፋት ሲያምራት ደግሞ ዳገቱን ወጥታለች። እያንዳንዱ ቤት የጎረቤቱን ጣሪያ ቁልቁል እያየ፣ ራሱም ከበላዩ ባለው ቤት እየታየ ይኖራል። መንገዱ ሽቅብ ካልሆነ ቁልቁል ነው፤ ለጥ ያለ ቦታ ከተገኘም ወይ መኪና ቆሞበታል ወይ ገበያ ተዘርግቶበታል።

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ከፍ ብሎ ባለ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ጎሉ ድንጋይ ነው። የላይኛው ቡድን ቁልቁል፣ የታችኛው ሽቅብ ያጠቃል፤ ጎል በገባ ቁጥር ቦታ ይቀያየራሉ፣ አለዚያ የታችኛው ቡድን ዕድሜ ልኩን ሊያሸንፍ አይችልም። ከጨዋታው ይልቅ ዓይኔን የያዘው ግን ከታችኛው ጎል ራቅ ብሎ ብቻውን የቆመ ልጅ ነበር። አይጫወትም። ሥራው ያመለጠችውን ኳስ ወንዝ ሳትገባ መያዝ ነው። የየትኛው ቡድን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «የሁለቱም ነኝ» አለኝ። ተራው ሲደርስ እሱ ገብቶ ሌላው ወርዶ ይቆማል። ዳኛ የሌለው ጨዋታ ኳስ ያዥ ግን አለው።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ማክስ ጉተር የተባሉ ጀርመናዊ የፕላን ባለሙያ በ1950ዎቹ የከተማዬን ማስተር ፕላን ሲያወጡ ፊታቸው የነበረው ጣና ዳር የተነጠፈ ገላጣ መሬት ነው። ሰፊ ጎዳና፣ መሃሉን የያዘ ዘንባባ፣ ከሥሩ ብስክሌት የሚነዳ ተማሪ። እንዲህ ካለ አገር የመጣ ሰው መዝናኛ ቦታ ሲሉት መጀመሪያ የሚታየው ጠፍጣፋ፣ ሣር የለበሰ፣ ወንበር ያለበት ነገር ነው። ደሴ ላይ ይህን ሐሳብ ይዞ የሚዞር መንገደኛ ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱን ያመዋል።

የአገራችን የከተማ ፕላን አንድ የታወቀ ቀመር አለው፤ ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ነገር ግን ካርታውን የሚያቀልመው ሰው አረንጓዴውን ቀለም የት ነው የሚያፈሰው? ብዙ ጊዜ ቤት ሊሠራበት በማይችል ገደልና በወንዝ ዳር ሸለቆ ላይ ነው። በዚህ አቆጣጠር ደሴን የሚያህል አረንጓዴ ከተማ አይገኝም፤ ገደል ሞልቷታል። ልጅ የማይሮጥበት፣ አሮጊት የማትቀመጥበት መሬት ከድርሻው ተቆጥሮ ያልቅና፣ ቀሪው ለጥ ያለው በሙሉ ለግንባታ ይለቀቃል። የ2000ው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ስለ ክፍት ቦታ ይናገራል፤ ስለ ቁልቁለት ግን ቢናገር ኖሮ ለደሴ በጠቀማት።

ለዚህ ነው ሆጤ ሜዳ ደሴዎች ዘንድ ያን ያህል የሚከበረው። ማለዳ ሄድኩ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ የጦሳ ጫፍ ጭጋጉን ገና አልገፈፈም። ሯጮች ነበሩ፣ ካራቴ የሚሠሩ ወጣቶች ነበሩ፣ ኳስ የሚያንከባልሉም ነበሩ። በዳር በኩል ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በቀሚስ ሥር ስኒከር ተጫምተው፣ በፍጥነት የሚራመዱ ሦስት እናቶች። ከአንዷ ጋር እኩል ለመራመድ ሞከርኩና ትንፋሽ አጠረኝ።

«ከቆላ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«ከባሕር ዳር ነው እማማ።»

«አብሽር፣ ትለምደዋለህ። እኔ ስኳር አለብኝ፤ ሐኪሙ ሜዳ ላይ ተራመጅ አለኝ። ሰፈሬ ሜዳ የለ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሜዳው ጋ ለመድረስ ዳገት እራመዳለሁ።» ሳቁ። «ከዚያ ደግሞ ተመልሼ እወጣለሁ። ሐኪሙ እሱን አላሰበውም።»

ትረስት ፎር ፐብሊክ ላንድ የሚባል ድርጅት የአሜሪካ ከተሞችን በየዓመቱ በመናፈሻ ያወዳድራል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ከቤቱ ወጥቶ በ10 ደቂቃ የእግር መንገድ መናፈሻ የሚያገኝ ነዋሪ ስንት ነው የሚል ነው። እኒህን እናት ባያቸው መዝጋቢው ግራ ይገባዋል፤ ሲወርዱ 10 ደቂቃ፣ ሲመለሱ 25።

እዚያው አሜሪካ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በአብዛኛው ከተማ መናፈሻውንም ኳስ ሜዳውንም መዋኛውንም የልጆችን የክረምት ፕሮግራምም የሚይዝ አንድ መሥሪያ ቤት መኖሩ። በእኛ አገር መናፈሻው በከተማ ውበት፣ ሜዳው በወጣቶችና ስፖርት፣ ሙዚየሙና የባህል አዳራሹ በባህልና ቱሪዝም፣ ደኑ በግብርና፣ ወንዙ በውሃ ወይም በአካባቢ ጥበቃ እጅ ነው። እሑድ ከሰዓት ልጆቹን ይዞ የሚወጣ አባት ይህን ሁሉ ማኅተም አያውቀውም፤ የሚያውቀው ወዴት እንደሚሄድ መቸገሩን ነው። የሚቸገረውም ጥቂት አይደለም፤ በ1999ኙ ቆጠራ ደሴ 151 ሺህ ሰው ነበራት። ዛሬ ምን ያህል እንደጨመረ ለማወቅ በሥራ መውጫ ሰዓት ሸዋ በር ላይ መቆም ይበቃል።

የታጠረ መናፈሻ የለም አይባልም። አንዱ ውስጥ ገብቼ አንድ ሙሉ ጠዋት ቆየሁ። በአገሪቱ እንደተለመደው በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች የተሰጠ ነው፤ እነሱም ካፌ ከፍተውበታል። ለመቀመጥ ማኪያቶ ማዘዝ ግድ ነው። ከጎኔ ሁለት ተማሪዎች አንድ ሻይ ለሁለት አዝዘው፣ አስተናጋጁ በመጣ ቁጥር ብርጭቆውን ከንፈራቸው ጋ እያደረሱ እስከ እኩለ ቀን አቆዩት። ወጣቶቹን መውቀስ አልችልም፤ ኪራይና ደመወዝ አለባቸው። ግን የሻይ ዋጋ የሌለው ልጅ የመናፈሻውን አጥር ከውጭ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ዋናዋ ሰው ካፌው ውስጥ አልነበረችም። ከኋላ፣ አበባው መደብ ላይ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ነበር። ክዳኑን በጋለ ምስማር በሳስታ የውሃ ማጠጫ አድርጋዋለች። ቧንቧው የሚመጣበትን ቀን ስለማታምነው በርሜሎቹን ሁልጊዜ ሞልታ ታስቀምጣለች። ችግኝ የምታፈላው በወተት ላስቲክ ነው፤ ሻይ ቤቶች ያጠራቅሙላታል። ላስቲኩን ከሥር በሁለት ቦታ ትቀደዋለች፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ፍግ፣ ሁለት እጅ አፈር ትሞላዋለች፣ ከዚያ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ መሃሉን ትጎደጉደዋለች። ጠላትሽ ማነው ብላት ልጆች ይሆናሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ፍየልና ውርጭ» አለችኝ። ፍየሏን ያባርሯታል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ግን ሌሊት መጥቶ ቅጠሉን አጥቁሮት ይሄዳል። ስለዚህ ማታ ማታ ለስላሳዎቹን በማዳበሪያ ጆንያ ትሸፍናቸዋለች።

ሥራውን የጀመረችው በሴፍቲኔት ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ነበር፤ ከአማራ ክልል የተመረጠችው ደሴ ናት። ድሃ ቤተሰቦች መንገድ ያጸዳሉ፣ ቦይ ይጠርጋሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ይከፈላቸዋል። አሠራሩ የሥራ ቀኑን ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሰዎቹ በሦስተኛው ዓመት ወደ ራሳቸው ሥራ እንዲሸጋገሩ ያደርጋል። ለሰው ያስኬዳል። ለዛፍ ግን ተቃራኒ ነው፤ ዛፉ ሲያድግ የሚያጠጣው እጅ ይቀንሳል። እሷ የሴፍቲኔቷ ጊዜ ሲያልቅ ማኅበሩ በትንሽ ደመወዝ አስቀራት። ሌሎቹ መደቦች ላይ እንዲህ ያለ ዕድል ያልገጠማቸው ጽዶች ደርቀው ቆመዋል። ስለ መናፈሻ ሀብት ሲወራ ሄክታርና በጀት ይጠራል። እኔ ግን አንድ ከተማ ስንት መናፈሻ እንዳለው ከመጠየቄ በፊት ስንት ሰው በየማለዳው ጀሪካን እንደሚያነሳ መጠየቅ ይቀለኛል።

ጦሳን የወጣሁት በዚያው ሳምንት ነው። ከእግሩ ጀምሮ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሽታው ከጉንፋን የሚያድን ይመስላል። ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ በቡድን ይወጡታል፤ ጫፉ ላይ ፎቶ ይነሳሉ፣ ዳቦ በሙዝ ይበላሉ። ከላይ ሲታይ ደሴ የቆርቆሮ ወንዝ ናት፤ መሃሏን እውነተኛው ወንዝ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ስወጣ ሁለት ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከወገባቸው በላይ ከምረው ሲወርዱ ተላለፍን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ እኔ ወደ ዳር ወጣሁላቸው። አንዷ ቀና ሳትል፣ «ለመዝናናት ነው የምትወጡት?» ብላ ጠየቀችኝ። ነው አልኳት። «ደግ» አለችና አለፈች። ፌዝም ምርቃትም አልነበረበትም።

እነዚህ ኮረብቶች አንድ ጊዜ ተተክለው፣ አንድ ጊዜ ተጨፍጭፈው፣ እንደገና የተተከሉ ናቸው። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ 1887 ገደማ ነው። ወሎ ግን በሰፊው ደን ሲተከልባት ያየችው ከ1966ና ከ1977 ረሃብ ወዲህ ነው፤ ገበሬው በእህል እየተከፈለው ዳገቱን ቆፍሮ ተከለ። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ከዚያ ተክል ብዙው በሳምንታት ውስጥ ተቆረጠ። ሰው ዛፍ ስለጠላ አልነበረም፤ ዛፉን የመንግሥት አድርጎ ስላየው ነው። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ስለ ወሎ ደኖች ታሪክ በጻፉት ጥናት ይህ አገር ደኑን ሲያጣና ሲጠብቅ የቆየበት መንገድ ረጅም መሆኑ ይታያል። በ2011 አረንጓዴ አሻራ የሚባለው ዘመቻ ሲጀመር ጦሳም ደርሶታል፤ በየክረምቱ ተማሪና ሠራተኛ ችግኝ ይዞ ይወጣል። ጥያቄው ግን በ1983 የነበረው ነው፤ ከተከላው በኋላ ለዚያች ጭራሮ ተሸካሚ ሴት ተራራው ምኗ ነው? ቅጠል መልቀም የሚፈቀድላት ቀን ካለ ዛፉን ትጠብቀዋለች። ከሌለ ለእኔ መዝናኛ የሆነው ለእሷ የሌሊት መንገድ ይሆናል።

ከተራራው ስወርድ ዝናብ አባረረኝ፤ ጠርዝ ላይ ያለ ቤት በረንዳ ገባሁ። እዚያ መቆም ግን ወሎ ውስጥ አይቻልም። የቤቱ ባለቤት ሼኽ ራሳቸው ወጥተው፣ «ግባ እንጂ፣ በር ላይ የሚቆም ጅብ ነው» ብለው ጎትተው አስገቡኝ። ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጤሳል። ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፤ ከመካከላቸው አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ እትዬ ቡናውን ይቀዳሉ። ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሼኹ ዱዓ አደረጉ፤ ለታመመ፣ ለታሰረ፣ ለመንገደኛ። «ለመንገደኛ» ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው «አሚን» አሉ፤ እትዬም ጭምር ጀበናውን እንደያዙ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። የልጅ ሠርግ፣ የበግ ዋጋ፣ የአንዱ ጎረቤት የግድግዳ ክርክር፣ ሁሉም እዚያ ታየ።

ደሴ ሰው የሚገናኝበትን ቦታ አጣች ብዬ ሜዳ ፍለጋ ስዞር ከርሜ ነበር፤ ይህ ክፍል ሦስት በአራት ሜትር ቢሆን ነው፣ ዘጠኝ ሰው ይዟል። ወሎዎች የጎደላቸውን ሜዳ ሳሎናቸው ውስጥ ያስገቡት ይመስለኛል። ይህን ስል ግን ማዘጋጃ ቤትን ከዕዳ ነጻ ላወጣ አይደለም። የቡናው ወግ የትልልቆች ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያንን ሁሉ ሰዓት አይቀመጥም፤ እሱ የሚሄደው ዲኤስቲቪ ቤት፣ ከረንቡላ ቤት፣ ወይም ጫት የሚቃምበት ክፍል ነው። አርሰናል ከማንቼ ሲጫወት ደሴ ውስጥ ጨለማ ክፍል ሁሉ በወንበር ይሞላል። ብዙ ሰው የሚገባበት የከተማዋ መዝናኛ ቦታ እሱ ይሆናል፤ በየትኛውም ቢሮ ፕላን ላይ አረንጓዴ አልተቀባም።

ድሮ ትልቁን ጠረጴዛ የሚዘረጋው ንጉሡ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ ሳይ ይህ ነው የታየኝ። ግብር የሚገባበት፣ ባለማዕረጉም ተራው ሰውም በየወረፋው የሚበላበት አዳራሽ። ለገዢው ፖለቲካ ነበር፤ ለበላተኛው ግን የዓመቱ መዝናኛ፣ አዝማሪ የሚሰማበት፣ ወሬ የሚለዋወጥበት። ወሎ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ያለ መሰብሰቢያ አልተጫወተችም። ከአዳራሹ ራቅ ብሎ፣ ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም አለ። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲገባ ተዘረፈ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን በመጡ ተፈናቃዮች ተሞልተው ነበር፤ የተማሪ መጫወቻ ግቢ ማብሰያና ማደሪያ ሆነ። ከተማ ክፍት ቦታው ምን ያህል እንደሚያስፈልገው እንዲህ ባለ ቀንም ይታወቃል። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ ክልሉ ያለበት ግጭት ምሽቱን አሳጥሮታል፤ ሰው መብራት ሳይበራ ወደ ቤቱ ይላል፣ ባጃጁም ቀድሞ ይገባል። መናፈሻ መብራትና ወንበር ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ሰላም ያለው ማታም ይፈልጋል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ካፖርት ለብሶ የተነሳ ሰው ታች ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። መሃል ላይ፣ ሸለቆው ወለል ብሎ በሚታይበት ጠመዝማዛ፣ መኪኖች ቆመው አገኘን። ሙሽሮች ናቸው። አጃቢው የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ይጨፍራል፤ የጭነት መኪናዎች ጥሩምባ እያሰሙ በጎናቸው ያልፋሉ፤ ፎቶ አንሺው ሙሽራዋን ወደ ገደሉ አንድ እርምጃ እንድትጠጋ፣ ሚዜዋ ደግሞ እንዳትጠጋ ይለምኗታል። የታክሲያችን ረዳት አንገቱን አውጥቶ እልል አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሙሽሮች እንደ አምባሳደርና ብሔረ ጽጌ ባሉ መናፈሻዎች ከፍለው ይነሳሉ፤ ዛሬ ደግሞ አንጦጦና ወዳጅነት ፓርክ አሉ። እዚህ ግን ከሐረጎ የሚበልጥ ገጽታ የለም፤ የጎደለው ሃያ መኪና የሚያቆም፣ አጥር ያለው፣ ሽንት ቤት ያለው አንድ ቁራሽ መሬት ብቻ ነው። በቢሊዮን የሚቆጠር ፕሮጀክት አያስፈልገውም። ግን ሐረጎ በሁለት ከተሞች መሃል ነው፤ የመሃል ነገር የማንም አይሆንም።

ኮምቦልቻ ሜዳ አላት። አየር ማረፊያም ተቀምጦባታል፣ ጨርቃ ጨርቁም፣ ቢራውም፣ ቆዳውም፣ ብረታ ብረቱም፣ በሐምሌ 2009 የተመረቀው 75 ሄክታር ኢንዱስትሪ ፓርክም። ሰፊና ለጥ ያለ ቦታ ለማየት ናፍቄ ስደርስ፣ ለጥ ያለው ሁሉ በአጥርና በጥበቃ ቤት ተይዞ አገኘሁት። ደሴን ተራራ ያጠበባት፣ ኮምቦልቻን ፋብሪካ አጠበባት። ፋብሪካ አይኑር የሚል የለም፤ እኔም የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፉጨት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ነገር ግን ለአንድ ሼድ መሬት ሲለካ፣ እዚያ ሼድ ውስጥ ስምንት ሰዓት ቆማ የምትሰፋው ልጅ እሑድ የምትቀመጥበት መሬት አብሮ መለካት ነበረበት። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ ናቸው። በእረፍት ቀን ክፍሏ ጠባብ፣ ካፌው ውድ ነው።

አመሻሹ ላይ አዲሱን የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድ ይዤ ወጣሁ። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ይባላል፤ የፈረሰበት ሰው ሐዘን አለበት፣ የተቸኮለበትም ቦታ አለ። ያየሁትን ግን አልክድም፤ ሰው እየተራመደበት ነው። ልጅ በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ክንድ ለክንድ የተያያዙ የሥራ ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች፣ መብራት ሥር ደብተር የዘረጋ ተማሪ። ለኮምቦልቻ ከመናፈሻ በፊት ሰፊ የእግር መንገድ ያስፈልጋት ነበር ማለት ነው። በየአምስት እርምጃው የተተከሉት ዘንባባዎች ግን ከሥራቸው ያለው ስፋት የሹሮ ድስት አያስቀምጥም፤ ሚያዝያ ላይ ማን እንደሚያጠጣቸው ደሴ ያለችው ባለ ጀሪካኗ ብቻ ታውቃለች።

ከመንገዱ ወርጄ ቦርከናን አየሁት። ደሴ ላይ ጠባብ ሆኖ የወረደው እዚህ ዳርና ዳሩን ዘርግቷል፤ ቀጥሎ ወደ ጨፋ ረግረግ፣ በመጨረሻም ወደ አዋሽ ይሄዳል።  ዳሩ ላይ ወንበር ቢደረደር፣ ግራር ቢተከልበት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የእሑድ ቦታ የለም። ችግሩ ውሃው ነው። በከተማዋ በኩል የሚያልፉት ሌዮሌና ወርቃ የሚባሉ ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ ተመራማሪዎች በነዚህ ላይ ባደረጉት ጥናት ከቆዳ ሥራ የሚወጣ ክሮሚየምና ከብረት ሥራ የሚወጣ ዚንክ አግኝተዋል። ከላይ ደግሞ የደሴ ቆሻሻ በጎርፍ ይመጣል። ባጃጁን ወንዝ ውስጥ አቁሞ የሚያጥብ ልጅ፣ ዋና ይዋኝበት እንደሆነ ብጠይቀው፣ «እኔ? መኪናውንም እየሳሳሁ ነው የማጥብበት» አለኝ። ደሴ ቦይዋን ሳትጠርግ ኮምቦልቻ የወንዝ ዳር መናፈሻ ልትሠራ አትችልም። ሁለቱ ከተሞች በኳስ ይፎካከራሉ፣ ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ ሲጋጠሙ ሐረጎ በደጋፊ ይሞላል፤ በአንድ ወንዝ ላይ ግን አንድ ላይ የተቀመጠ ኮሚቴ ቢኖር እሱን ለማየት እኔም ትኬት እቆርጣለሁ።

ከከተማው በላይ የጎፍ ደን ጠቁሮ ይታያል። ከአገሪቱ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው የመንግሥት ደኖች አንዱ ሆኖ የተመዘገበ፣ ጽድና ወይራ ያለበት ተራራ ነው። ከኮምቦልቻ ዓይንን ቀና ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ከፋብሪካው ቅጥር ውስጥ ሆነውም ያዩታል። ምግብ ቤት ገብቼ በጥብስ ላይ የተዋወቅኋቸው የስፌት ሠራተኞች ግን ወጥተውት አያውቁም። መንገዱን አላውቅም አለች አንዷ፤ ብቻዬን አልሄድም አለች ሌላዋ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድና እሑድ እሑድ የሚቆም አንድ ጥበቃ ቢኖር ደኑ ያለ ምንም ግንባታ የከተማዋ መናፈሻ በሆነ ነበር።

እነሱ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከደመወዛቸው በየጊዜው እየቀነሱ ዕቁብ ይጥላሉ፤ ዕጣው ለማንም አይወጣም፣ ሲሞላ ሚኒባስ ይከራዩበታል። ባለፈው ሐይቅ ሄደዋል፤ እስጢፋኖስ ገዳምን ወንዶቹ አይተው፣ ሴቶቹ ዳር ላይ ቆሮሶ አስጠብሰው በሎሚ በልተዋል። አሁን የሚቀጥለው የት ይሁን የሚል ክርክር ላይ ደረስኩባቸው።

«ሐይቅ እንድገም» አለች ታላቅየዋ፤ ገንዘብ ያዥ እሷ ናት።

«ዓሣ ሰለቸኝ። ባቲ እንሂድ፣ ገበያውን እንይ።»

«ባቲ የሚቆመው ሰኞ ነው። ሰኞ ማሽን ላይ ነሽ።»

«ታዲያ ደሴ?»

ሁሉም ሳቁ። ደሴ ዘመድ ጥየቃ የሚኬድበት እንጂ ሽርሽር የሚኬድበት አልመሰላቸውም። እንግዳም ድምፅ አለው ብለው ወደ እኔ ዞሩ። የጎፍን አልኩ፤ ማንም አልደገፈኝም። ማይባርን ጨመርኩ፤ ትንሽዬ ሐይቅ ናት፣ ጸጥ ያለች፣ ቅርብ ናት አልኩ።

«እዚያ ምን አለ?» አለች ገንዘብ ያዧ።

«ምንም የለም። ውሃና ሣር ነው።»

«ሣሩ ላይ መቀመጥ ያስከፍላል?»

አያስከፍልም አልኳት። ስልኳን አወጣችና የሚኒባስ ሹፌሩ ጋ ደወለች።